ሐረር ያልደረሰው ባቡር፦ ስለ ፊያስኮና ስለ መክሸፍ ሂሳዊ ዳሰሳ

ስለ ኢትዮጵያ ምድር ባቡር በተጻፉ መጻሕፍት ውስጥ አንድ ዐረፍተ ነገር ቃላቱ ጥቂት እየተለዋወጡ ይደጋገማል። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ ደረሰ ይላል። ዐረፍተ ነገሩ ትክክል ነው። ዐፄ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡትን የ99 ዓመት ውል አጠገቡ አስቀምጦ ለሚያነበው ግን ሌላም ነገር ይናገራል። ውሉ መሥመሩን በሦስት ይከፍለዋል፤ ከጅቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ከእንጦጦ ደግሞ በከፋ በኩል እስከ ነጭ ዓባይ። ድሬዳዋ በውሉ ውስጥ የለችም። ልትኖርም አትችልም፤ ከተማይቱ የተቆረቆረችው ሐዲዱ እዚያ ስለ ደረሰ ነው። «ድሬዳዋ ደረሰ» የሚለው ማሰሪያ አንቀጽ «ሐረር ሳይደርስ ቀረ» የሚለውን ከሥሩ ደብቆ ይዞታል።

እንዲህ ያለውን ነገር በምን ስም እንጠራዋለን? የእንግሊዝኛ ጸሐፊዎች ለትልቅ ጅምር ክፉ አወዳደቅ ቶሎ የሚያነሡት ቃል ፊያስኮ ነው። እኛ ደግሞ በተለይ ከፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም መጽሐፍ ወዲህ መክሸፍ እንላለን። ሁለቱ ቃላት አንድ ነገር የሚሉ ይመስላሉ፤ የመጡበት ቦታ ግን የተለያየ ነው። የመጡበትም ቦታ ምን እንደሚያሳዩንና ምን እንደሚሰውሩብን ይወስናል። ይህ ጽሑፍ ሁለቱን ቃላት በአንድ ጉዳይ ላይ፣ ሐረር ባልደረሰው ባቡር ላይ፣ ሊፈትናቸው ይፈልጋል።

ፊያስኮ የጣልያንኛ ቃል ነው፤ ትርጉሙም ጠርሙስ። የጣልያን የቴአትር ሰዎች አንድ ተዋናይ ወይም ዘፋኝ በመድረክ ላይ ፈጽሞ ሳይሳካለት ሲቀር «ጠርሙስ ሠራ» ይሉ ነበር። ፈረንሳዮች አነጋገሩን ከነቃሉ ወሰዱት። እንግሊዝኛ የተቀበለው በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ነው፤ መጀመሪያ ለመድረክ ብቻ፣ ብዙም ሳይቆይ ለጦርነቱም ለንግዱም ለመንግሥት ዕቅዱም። ጠርሙስ እንዴት የውድቀት ስም ሊሆን እንደቻለ የቃላት ታሪክ አጥኚዎች አልተስማሙበትም። አንደኛው ትረካ የቬኒስን የብርጭቆ ሠራተኞች ያነሣል፤ ያማረ ዕቃ ሊሠሩ ጀምረው ብርጭቆው እንከን ሲያወጣባቸው ተራ ጠርሙስ አድርገው ይጨርሱት ነበር ይባላል። ሌላው ትረካ አርሌኪኖ የተባለውን ገጸ ባሕርይ ሆኖ ስለሚጫወት አንድ አስቂኝ ተዋናይ ነው። ሰውየው ማታ ማታ አንድ ዕቃ ይዞ እየወጣ በእርሱ ላይ ቀልድ ይፈጥር ነበር። አንድ ምሽት ጠርሙስ ይዞ ወጣ፤ ማንም አልሳቀለትም። እርሱም ወደ ጠርሙሱ ዞሮ ጥፋቱ ያንተ ነው አለና ወርውሮ ሰበረው።

የትረካዎቹን እውነትነት ማረጋገጥ አይቻልም። ለሐያሲ ግን እንደ ትረካም ዋጋ አላቸው። የብርጭቆ ሠራተኛው ትረካ የታሰበው ቀርቶ ሌላ ጠቃሚ ነገር ስለ መውጣቱ ነው፤ ጠርሙሱ ከታሰበው ዕቃ ያነሰ ቢሆንም ውሃ ይይዛል። የተዋናዩ ትረካ ደግሞ ጥፋትን ግዑዝ ነገር ላይ ስለ መጣል ነው። ሁለቱም ወደ ሐረር ባቡር ሲመጡ ሥራ ይሠራሉ። ከዚያ በፊት አንድ ነገር ልብ እንበል፤ ፊያስኮ ተመልካች ይፈልጋል። ባዶ አዳራሽ ውስጥ የተበላሸ ቀልድ ፊያስኮ አይባልም። ቃሉ ውድቀቱን የሚለካው ባዩት ሰዎች ዓይን ነው፤ የወደቀው ሰው ምን ሊያደርግ አስቦ እንደነበር ብዙ አይጠይቅም።

አማርኛ በዚህ ረገድ ሀብታም ነው። ጥረት መከነ እንላለን፤ ቃሉ የመጣው ከማይወልድ ማኅፀንና ከማያፈራ ዘር ነው። ዕቅድ ጨነገፈ ወይም ተጨናገፈ እንላለን፤ ቀኑ ሳይደርስ ከወረደ ፅንስ። ሐሳብ ተኮላሸ እንላለን፤ ከተቀጠቀጠ ኮርማ። ድካም ባከነ፣ ነገሩ ፉርሽ ሆነ እንላለን። እነዚህ ቃላት አይተካኩም። የመከነው ከመጀመሪያውም ፍሬ የለውም፤ የጨነገፈው ግን ሕይወት ነበረው። የተኮላሸውን ያኮላሸው ሌላ እጅ ነው። ከሸፈ የሚለው ደግሞ ከጠመንጃ ጋር የኖረ ቃል ነው። ተኳሹ አለ፣ ዒላማው አለ፣ ጥይቱ ጎርሷል፣ ምላጩ ተስቧል፤ ሳይተኩስ ቀረ። መክሸፍ አንድ የታወቀ ቅጽበት አለው። ከሁሉም በላይ ዒላማ አለው፤ ዒላማ ሳይኖር ጠመንጃ ከሸፈ ቢባል እንኳ ትርጉሙ ጎዶሎ ነው።

መስፍን ወልደ ማርያም «መክሸፍ እንደ ኢትዮጵያ ታሪክ» የተሰኘውን መጽሐፋቸውን በ2005 ዓ.ም. ሲያሳትሙ ይህን የጠመንጃ ቃል ለአንድ አገር ታሪክ ሰጡት። ትውልድ የጀመረውን ትውልድ እየጣለው፣ ተከማችቶ የሚያድግ ነገር እየጠፋ፣ አገር ደግሞ ደጋግማ ከዜሮ መነሣቷን ለማሳየት የመረጡት ቃል ነው። የቃሉ ጉልበት የሚካድ አይደለም፤ ከመጽሐፉ በኋላ መክሸፍ በጋዜጣውም በሻይ ቤቱም ክርክር ውስጥ የቆየው በከንቱ አይደለም። እኔ የምቃወመው ቃሉ የተሸከመውን ስፋት ነው። የአንድ አገር ሙሉ ታሪክ ከሸፈ ሲባል ተኳሹ ማን ነው? ዒላማውስ የቱ ነበር? የሺህ ዓመት ታሪክ አንድ ዒላማ አልነበረውም፤ ብዙ ዒላማ ነበረው፣ አንዳንዱም የሌላውን መክሸፍ የሚጠይቅ ነበር። ቃሉ ስለት የሚያወጣው ወደ ተወሰነ ውል፣ ወደ ተወሰነ ዘመቻ፣ ወደ ተወሰነ ድልድይ ሲወርድ ነው ብዬ አምናለሁ። የሐረሩ ባቡር ለዚህ ጥሩ መፈተኛ ነው፤ ዒላማው በጽሑፍ ተቀምጧልና።

ኢልግና ፈረንሳዊው ሊዮን ሼፍኖ ያቋቋሙት ኩባንያ ሥራውን ከጅቡቲ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1897 ነው። የአንድ ሜትር ስፋት ያለው ሐዲድ በበረሃው ውስጥ አልፎ 310 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ከሐረር ተራሮች ግርጌ ቆመ። የተለመደው ማብራሪያ አጭር ነው፤ ተራራው ከለከለው። እውነት አለው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ሐረር ደግሞ ከ1,800 ሜትር በላይ። በመካከላቸው ያለው መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ሲሆን በደንገጎ በኩል ያለውን ዳገት የወጣ ሁሉ የመሬቱን አቀማመጥ ያውቀዋል። ግመል የሚወጣውን ዳገት ባቡር አይወጣውም፤ ዳገቱን በረጅም ጥምዝ ማለስለስ፣ ዋሻ መቆፈር፣ ድልድይ መገንባት ያስፈልጋል።

ይሁን እንጂ ተራራው እ.ኤ.አ. በ1894ም እዚያው ነበር። ከዘይላ ወደብ የሚነሡ ቅፍለቶች ለዘመናት ወጥተውታል። የግብጽ ጦር እ.ኤ.አ. በ1875 ሐረርን ሲይዝ በዚያው ወጥቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1885 ለቆ ሲሄድም በዚያው ወርዷል። ኢልግ በሸዋ ከአሥር ዓመት በላይ የኖረ መሐንዲስ ነበር፤ ውሉን ሲቀበል ዳገት መኖሩን የማያውቅ ሰው አልነበረም። ከዚህም በላይ ያው ሐዲድ ኋላ ከአዋሽ ሸለቆ ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ወደምትገኘው አዲስ አበባ ወጥቷል። በእርግጥ ያኛው አቀበት በረጅም ርቀት የተዘረጋ ስለሆነ ንጽጽሩ ሙሉ አይደለም። ቢሆንም ተራራ በራሱ መልስ እንዳልሆነ ለማሳየት ይበቃል። የሐረር ዳገት የማይወጣ ሳይሆን ውድ ነበር። ኩባንያውም ገንዘብ አልነበረውም።

ገንዘቡ ያልነበረው ለምን እንደሆነ መዘርዘር ይገባል፤ የነገሩ ልብ እዚህ ላይ ነውና። ኩባንያው ሥራውን እንደጀመረ ካፒታሉ አልበቃው አለ። የእንግሊዝ ገንዘብ ገባ። ፈረንሳዮች መሥመሩ በእንግሊዞች እጅ እንዳይወድቅ ሰጉና እ.ኤ.አ. በ1902 መጀመሪያ ላይ መንግሥታቸው ከኩባንያው ጋር በቀጥታ ተዋዋለ፤ በየዓመቱ ድጎማ ሊሰጥ፣ በምላሹ በመሥመሩ ላይ ሥልጣን ሊያገኝ። ምኒልክ ይህን እንደ ድፍረት አዩት፤ ለአንድ ግለሰብ የሰጡት የሥራ ፈቃድ በአገራቸው ምድር ላይ ለባዕድ መንግሥት የተሰጠ መብት ሆኖ ተገኘባቸው። ከዚያ በኋላ ሐዲዱ ከድሬዳዋ ወደ ፊት እንዲቀጥል አልቸኮሉም። ሥራው ለዓመታት ቆመ። ኩባንያው ከሰረ። እ.ኤ.አ. በ1906 እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣልያን በሦስትዮሽ ውላቸው ስለ ኢትዮጵያ ባቡር የየድርሻቸውን ተነጋገሩ። እ.ኤ.አ. በ1908 የምኒልክ ሐኪም ለነበረው ለጓዴሎፑ ተወላጅ ለዶክተር ዮሴፍ ቪታልየን አዲስ ፈቃድ ተሰጠ፤ ከዚያ የተነሣው የፍራንኮ ኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኩባንያ ሐዲዱን እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ አደረሰው። በአዲሱ ጉዞ ሐረር ጨርሶ ከመንገዱ ወጥታለች።

ተዋናዩ ጠርሙሱን እንደወቀሰ የባቡሩ ታሪክም ተራራውን ይወቅሳል። ተራራ አይከራከርም። ስለ ካፒታል እጥረት፣ ስለ ሁለት ቅኝ ገዥ መንግሥታት ፉክክር፣ ስለ አንድ ንጉሠ ነገሥት ትክክለኛ ጥርጣሬ ከመጻፍ ይልቅ ስለ ገደል መጻፍ ይቀላል። በፊያስኮ ቋንቋ ጉዳዩ ይዘጋል፤ ትርኢቱ ተበላሽቷል፣ ተመልካቹም ሄዷል። በመክሸፍ ቋንቋ ግን ምላጩን የሳበው ማን እንደሆነና ጥይቱን ያረጠበው ምን እንደሆነ መጠየቅ ግድ ይሆናል።

ዒላማው ሲስት ሐረር ያጣችው ምን ነበር? ሐረር የምሥራቁ ንግድ ልብ ነበረች። ቡናው፣ ቆዳው፣ የዝሆን ጥርሱ፣ ጨርቁ በግንቧ በሮች ገብቶ ይወጣ ነበር። የባሕር በሯ ዘይላ ነበረች። ሐዲዱ ጅቡቲን ከድሬዳዋ ጋር ሲያገናኝ ዘይላ እንደ ወደብ ሞተች። የሕንድ፣ የግሪክ፣ የአርመንና የዐረብ ነጋዴዎች መጋዘናቸውን ወደ ቆላው ከተማ አወረዱ። የሐረር ገበያ አልጠፋም፤ ገዥዋ ራስ መኰንን እ.ኤ.አ. በ1906 እስኪያርፉ ድረስ ከተማይቱ የአገሪቱ ትልቅ የአስተዳደር ማዕከል ነበረች፣ ከዚያም በኋላ ሆና ቆይታለች። ነገር ግን ከውጭው ዓለም ጋር የምትነጋገርበት በር ከእጇ ወጥቶ 50 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ተተከለ።

የዚህ ለውጥ ምስክር በአንድ ስም ውስጥ ይገኛል። ድሬዳዋ ስትቆረቆር አዲስ ሐረር ትባል ነበር። ስሙ አልጸናም፤ የአካባቢው ሰው የሚያውቀው የቦታው ስም አሸነፈ። ለታሪክ ጸሐፊ ግን ያልጸናው ስም ከጸናው ይበልጥ ይናገራል። ሐዲዱ ወደ ሐረር መሄድ ሲያቅተው ሐረርን ወደ ሐዲዱ ለማምጣት ታስቦ ነበር ማለት ነው። ዕቅዱ መክሸፉን ያመነ ሰው በዚያ ስም ውስጥ አለ፤ አለማመንም አለ።

ሌላም የስም ምስክር አለ፤ በሐረሪ ክልል ከሚገኙት የገጠር ወረዳዎች አንዱ ድሬ ጠያራ ይባላል። ድሬ በኦሮምኛ ሜዳ ነው። ጠያራ ከዐረብኛ መጥቶ በምሥራቁ የአገራችን ክፍል ሕዝቦች አፍ የለመደ፣ የቀድሞ አማርኛ ተናጋሪዎችም ይሉት የነበረ የአውሮፕላን ስም ነው። የአውሮፕላን ሜዳ ማለት ነው። ዛሬ በአየር ወደ ሐረር የሚመጣ መንገደኛ የሚያርፈው ድሬዳዋ ነው፤ ከዚያ ያንኑ የደንገጎን ዳገት በመኪና ይወጣል። የገጠር ቦታ ስም አንድን የዘመናዊ መጓጓዣ ምኞት ወይም ትዝታ ይዞ ሲቆይ፣ መጓጓዣው ግን ሌላ ቦታ ሲያርፍ፣ ስሙን እንደ ሰነድ ማንበብ ይገባናል። መዛግብት ስለ ተፈጸመው ነገር ብዙ ይጽፋሉ፤ የታሰበውን ግን ከመዛግብት ይልቅ የቦታ ስሞች ይጠብቃሉ። የቦታ ስም አጥኚዎቻችን ይህን ዘርፍ ትኩረት ቢሰጡት ደስ ይለኛል፤ በየአገሩ «አዲስ» ተብለው ያልጸኑ ስሞች ስንት ናቸው።

በዚህ ቦታ ላይ ደጋግሞ የሚነሣ መጽናኛ አለ። ባቡሩ ሐረር ባለመድረሱ ጀጎል ተረፈ፤ አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት ግንብ፣ ጠባብ መንገዶቹ፣ መስጊዶቹና ጌይ ጋር የሚባሉት ባህላዊ ቤቶቹ ሳይፈርሱ ቆይተው እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፈሩ ይባላል። ይህ የብርጭቆ ሠራተኛው ትረካ ነው፤ የታሰበው ባይሳካም ጠርሙሱ ተገኘ። ሐሳቡ ፈጽሞ ስሕተት ነው አልልም። የባቡር ጣቢያ የደረሰባቸው አሮጌ ከተሞች መልካቸው ምን ያህል እንደሚለወጥ በዓለም ዙሪያ ታይቷል። ነገር ግን ከሦስት በኩል ይጎድለዋል። ጀጎልን ያቆየው የባቡር አለመድረስ ሳይሆን በውስጡ የኖረው ሕዝብ ነው፤ ቤቱን ያደሰው፣ ግድግዳውን የቀባው፣ የሰፈሩን ማኅበር ያጸናው እርሱ ነው። ደግሞም ያጣ ሰው ሳይጠየቅ የእርሱ እጦት ለሌላው ጸጋ ነበር ማለት ፍትሕ የለውም፤ ገበያው የተነጠቀበት የሐረር ነጋዴ ልጆቹን በቅርስ መዝገብ አላበላም። መጽናኛው የሚጎዳው ታሪክ መጻፍንም ጭምር ነው። ለማንኛውም መክሸፍ ኋላ የመጣ አንድ ጥቅም ሊገኝለት ይችላልና፣ በዚህ መንገድ ከሄድን የከሸፈ ነገር የሚባል አይኖርም፤ ተጠያቂም አይኖርም።

ስለ ውድቀት ሲነሣ የውጭ አንባቢ ሐረርን ወዲያው የሚያስባት በአንድ ሰው ምክንያት ነው። አርተር ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1880 መጨረሻ የአንድ ፈረንሳዊ የንግድ ቤት ሠራተኛ ሆኖ ሐረር ገባ። ለአውሮፓ የሥነ ጽሑፍ ሰዎች እርሱ ግጥሙን የተወ ሊቅ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1873 በብራሰልስ ያሳተመው «አንድ ወቅት በሲዖል» ክፍያው ባለመጠናቀቁ በማተሚያ ቤቱ ተከማችቶ ቀርቶ እ.ኤ.አ. በ1901 ነው የተገኘው። ሐረርን ደግሞ የዚያ ዝምታ መድረክ አድርገው ያዩአታል። ይህ የተመልካች ንባብ ነው፤ የፊያስኮ ንባብ። ሰውየው ራሱ በደብዳቤዎቹ ያለቀሰው ለሌላ ነገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1886 ከታጁራ ከ2,000 በላይ አሮጌ ጠመንጃና ጥይት ጭኖ ለምኒልክ ሊሸጥ ወደ ሸዋ ተነሣ። ሸሪኩ ላባቱ ሞቶበታል፤ አብሮት ሊጓዝ የነበረው ሶለዬም ሞቷል። እ.ኤ.አ. በ1887 መጀመሪያ ምኒልክ ጨለንቆ ላይ አሚር አብዱላሂን ድል አድርገው ሐረርን ያዙ፤ የጦር መሣሪያ ዋጋ እርሱ እንዳሰበው ሆኖ አልጠበቀውም። ንጉሡ በጅምላ ዋጋ ቆርጠው፣ የላባቱን ዕዳ ቀንሰው፣ የቀረውንም ሐረር ላይ ከራስ መኰንን እንዲቀበል ወረቀት ሰጥተው አሰናበቱት። ብዙ ከሰርኩ ብሎ ለፈረንሳይ ባለ ሥልጣናት አመለከተ።

ይህን ክስረት መክሸፍ ብንለው ዒላማው ግልጽ ነው፤ ሊያተርፍ ሄዶ አላተረፈም። ግን ጠመንጃዎቹስ? በአውሮፓ ዘመናቸው ያለፈባቸው፣ በካፕሱል የሚተኮሱ መሣሪያዎች ነበሩ። ለነጋዴው የከሸፈው ንግድ ለገዢው መሣሪያ በርካሽ መግዛት ነበር። ይህን ስል ምኒልክን ላወድስ ወይም ራምቦን ልወቅስ አይደለም። አንድ ድርጊት በአንድ ጊዜ ሁለት ዒላማ ሊኖረው እንደሚችል፣ አንዱ ከሽፎ ሌላው ሊመታ እንደሚችል ለማሳየት ነው። ራስ መኰንን ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ከዚችው ከሐረር ጦር አስነሥተው በአምባላጌ፣ በመቀሌና በዓድዋ ተዋጉ፤ የጣልያን ታሪክ ጸሐፊዎች የዓድዋን ቀን የሚጽፉበት ቃልና እኛ የምንጽፍበት ቃል የተለያየው ዒላማችን ስለተለያየ ነው።

የእንግሊዙ አሳሽ የሪቻርድ በርተን ጉዳይም ከዚህ ይመደባል። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1855 ሐረር ገብቶ አሥር ቀን ያህል ቆየ፤ መጽሐፉም በዓመቱ ታትሞ ስሙን አገነነ። የጉዞው ዋና ዓላማ ግን ወደ አፍሪካ ውስጥ ዘልቆ መሄድ ነበር፤ በዚያው ዓመት በርበራ ላይ ሰፈሩ ተወግቶ፣ ጓደኛው ስትሮያን ተገድሎ፣ እርሱም ጉንጩን በጦር ተወግቶ ጉዞው ቆመ። ተመልካቹ የሐረሩን ገድል አየ፤ ዒላማውን የጠየቀ የለም። ለሐረር ሰዎች ደግሞ በርተን የመጣው ሳይጠራ ነበር።

ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የተዘረጋው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር እ.ኤ.አ. በ2016 ተመርቆ በ2018 መደበኛ ሥራ ጀመረ። እርሱም በድሬዳዋ ያልፋል፤ እርሱም ሐረር አይወጣም። የመሬቱ አቀማመጥ ያው፣ የሐረር መንገደኛ ዕጣም ያው ነው፤ ከጣቢያው ወርዶ መኪና ይሳፈራል። ሆኖም የሁለቱን ባቡሮች አለመድረስ በአንድ ቃል መጥራት አይገባም። የአዲሱ ግንባታ ውሎች መሥመሩን ከሰበታ ሚኤሶ፣ ከሚኤሶ ደወሌ ብለው ያስቀምጡታል፤ ለሐረር የተገባ ቃል የለባቸውም። ሐረር ለምን አልተካተተችም ብሎ መከራከር ይቻላል፤ ክርክሩ ግን ስለ ልማት ምርጫ እንጂ ስለ መክሸፍ አይደለም። የ1894ቱ ውል ግን በመጀመሪያው ክፍሉ ላይ ሐረር ብሎ ጽፏል።